የጋሽ ሠርፀ ቋጠሮ

ሜቲ ገመዱን አልፈታችውም። ማንም ሳይጠይቃት ለራሷ ደጋግማ የምትሰጠው መልስ ይኸው ነበር፤ ገመዱን አልፈታሁትም።

ገመዱ የቃጫ ነው። የታሰረው በአንድ ትልቅ የጀርመን ሬዲዮ ወገብ ላይ ሲሆን ሬዲዮው ነቀምቴ፣ ባኬ ጃማ ሰፈር ውስጥ፣ በአባቷ በኦቦ ዋጋሪ ሳሎን ጥግ አንሶላ ለብሶ ተቀምጧል። ባለቤቱ ጋሽ ሠርፀ የሚባሉ የጊዳ አያና ሰው ናቸው። ሁለቱ ሰዎች በጉልምስናቸው አብረው በቆሎና ሰሊጥ ይነግዱ ነበር። ዋጋውን አንዱ በኦሮምኛ ይጀምረዋል፣ ሌላው በአማርኛ ይጨርሰዋል፤ ሻጩ ከየትኛው ጋር እንደሚከራከር ሳይለይ ይስማማል።

ያ ክፉ ዓመት መጥቶ የአያና ገጠር ሲታመስ፣ ጋሽ ሠርፀ ሚስታቸውን እትዬ ሸዋጌጥንና ልጆቻቸውን ይዘው በእህል መኪና ነቀምቴ ገቡ። ከቤታቸው ያወጡት አንድ ፍራሽ፣ የልብስ ሻንጣና ይህን ሬዲዮ ነው። ቤቱ ብዙም ሳይቆይ ተቃጠለ። ዋጋሪ ቤት ከርመው ወደ ደብረ ብርሃን ዘመድ ዘንድ ሲሄዱ፣ ፍራሹንና ሻንጣውን ይዘው ሬዲዮውን አደራ ብለው ተዉት።

አደራው ደንብ ነበረው። በአያና የእህል ነጋዴዎች ዘንድ፣ ጆንያውን ሌላ ሰው መጋዘን የሚያስቀምጥ ሰው የጆንያውን አፍ በራሱ እጅ ያስራል። እያንዳንዱ ነጋዴ የራሱ አቋጠር አለው፤ አንዱ የሌላውን አስመስሎ ሊቋጥር ቢሞክር በማግስቱ ገበያው ይስቅበታል። የተቀበለው ሰው ቋጠሮውን አይነካም። ባለቤቱ ሊወስድ ሲመጣ ሰው ይጠራል፣ ቋጠሮውን ያያል፣ ጠባቂው እጄ አልነካውም ብሎ ይምላል፣ ከዚያ ባለቤቱ ራሱ ይፈታዋል። ጋሽ ሠርፀም ሬዲዮውን እንደ ሰሊጥ ጆንያ ወገቡን በገመድ አዙረው፣ ጅራቱ ወደ ውስጥ በሚደበቀው ቋጠሮአቸው አሰሩት።

ሜቲ ያኔ ስቃለች። "አባ፣ ይሄ እኮ ሰሊጥ አይደለም።"

"አደራ ነው፣ ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፤" አሉ ኦቦ ዋጋሪ። "ሰሊጥም ይሁን ሬዲዮ ስሙ አደራ ነው።"

ሜቲ ዩኒቨርሲቲ የተማረችው ኤሌክትሪካል ምህንድስና ነው፤ አሁን ከተማው ውስጥ ባለ አንድ የሙያ ኮሌጅ ኤሌክትሮኒክስ ታስተምራለች። ለዝግተኛ ሰውና ለዝግተኛ ነገር ትዕግሥት የላትም። ተማሪ አንድ ጥያቄ ሁለት ጊዜ ሲጠይቃት ጠመኔውን ትሰጠውና "ና፣ አንተ አስረዳን" ትለዋለች። ለአንድ ነገር ብቻ ትታገሣለች፤ ለድምፅ። ከውጭ አገር ተበታትኖ የመጣ አምፕሊፋየር አስመጥታ፣ ቅዳሜና እሑድ መኝታ ክፍሏ ውስጥ ተቀምጣ፣ እያንዳንዱን ክፍል በብየዳ አያይዛ ገጣጥማዋለች። አምፕሊፋየሩ እንደ ጥንቱ ሬዲዮ በመስታወት አምፖል የሚሠራ ነው። የነቀምቴ ሬዲዮ ጠጋኞች በደፈናው አምፖል ይሉታል፤ ሲሠራ ውስጡ ስለሚቀላ ስሙ አይከፋም። ከፊት ያለችው ትንሿ ደካማውን ድምፅ ታነሣዋለች፤ ከኋላ ያሉት ሁለት ትልልቆች ተቀብለው ስፒከሮቹን ይገፋሉ።

አብረው የመጡት አዳዲስ አምፖሎች ይሠሩ ነበር። ግን ክራሩ ሽቦ ሽቦ ይላል፣ ከበሮው ቆርቆሮ ይመስላል። ጓደኛዋ ጋሩማ፣ አደባባዩ አጠገብ ስልክና ቴፕ የሚጠግነው፣ አንድ ከሰዓት መጥቶ አዳመጠላት።

"እጅሽ ይባረክ፤ ሥራው ንጹሕ ነው፤" አለ። "አምፖሎቹ ናቸው ውሃ የሆኑት። የድሮዎቹን ብታገኚ ሌላ ሰው ነው የሚዘፍንልሽ።"

"ከየት ነው የማገኘው?"

"ከሙዚየም። ወይም ሰውየው ሲሞት ልጆቹ ሬዲዮውን ከሚጥሉበት ቤት።"

እሷ ግን ከየት እንደሚገኝ ጥያቄውን ከመጠየቋ በፊት ታውቅ ነበር። ከመኝታ ክፍሏ በር እስከዚያ ጥግ ድረስ ጥቂት እርምጃ ነው።

እሑድ ኦቦ ዋጋሪ ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ አንሶላውን ገለጠችው። የሬዲዮው ጀርባ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው የካርቶን ክዳን ሆኖ በብሎን የተያዘ ነው። ገመዱ ደርቆ ትንሽ ላልቷል። ወደ ላይ ገፋ ብታደርገው ቋጠሮው ከነገመዱ ከፍ አለላት፤ ብሎኖቹን ፈትታ ክዳኑን ከሥር ሳበችው። ውስጡ አቧራና የሞቀ እንጨት ይሸታል። ሦስቱም ነበሩ። የአምፖሎቹ ቁጥር ያው፣ እግራቸው ያው፤ ለእሷ ማሽን የተሠሩ ይመስላሉ። ነቅላ ወሰደችና በቦታቸው የራሷን አዳዲሶች ሰካችላቸው። ክዳኑን መለሰች፣ ገመዱን ወደ ወገቡ አወረደች፣ አንሶላውን አለበሰችው። ምሳ ሰዓት ኦቦ ዋጋሪ ሲመለሱ ቋጠሮው እንደተቋጠረ ነበር።

ብትጠየቅ ልውውጥ ነው ልትል ተዘጋጅታለች። አሮጌ ወስዳ አዲስ ሰጠች፤ ማን ተጎዳ? ጋሩማ እውነቱን ነበር፤ ሌላ ሰው ነው የዘፈነላት። የክራሩ ክር ከጣቱ ሲለይ ይሰማል። ዘፋኙ ትንፋሹን ሲወስድ ይሰማል። ለታመመ መድኃኒት አልገዛችበትም፣ የሞተ ሰው ድምፅ አልፈለገችበትም፤ እንዲያ ቢሆን ኖሮ ቢያንስ ለራሷ የምትነግረው ነገር ይኖራት ነበር። ድምፁ እንዲያምርላት ብቻ ነው የፈለገችው። አማረላት።

ክፉው ነገር የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ሜቲ ባለበት አትቆምም። አምፖሎቹ የበለጠ ኃይል ሲያገኙ ድምፁ እየወፈረ እንደሚሄድ አየችና ጨመረችላቸው፤ ቆይታ ደግሞ ጨመረችላቸው። በውስጣቸው ያለው ብረት ዳር ዳሩ መቅላት ጀመረ። ይህ ምን ማለት እንደሆነ ከማንም በላይ ታውቃለች፤ በየዓመቱ ለተማሪዎቿ ሰሌዳ ላይ ሥላ ታስረዳለች። ከልኩ በላይ የጋለ አምፖል ዕድሜው ይቃጠላል፤ የተቃጠለው ደግሞ አይመለስም። አንድ ምሽት እጇን ወደ ማስተካከያው ዘረጋች፣ ዘፈኑ ግን መሐል ላይ ነበር። ሲያልቅ ዝቅ አደርገዋለሁ አለች። ሲያልቅ ሌላ ከፈተች። ክረምቱም፣ ከክረምቱ በኋላ ያለው ዓመትም እንዲሁ አለፈ።

ከዚያ ስልኩ ተደወለ። ምሳ ላይ ነበሩ። ኦቦ ዋጋሪ ስልክ ሲያናግሩ ሰውየው ማዶ ተራራ ላይ ያለ ይመስል ይጮኻሉ።

"ሠርፀ ኮ! ... ኤ፣ ኤ ... ቤት አገኘህ? የራስህ ኪራይ? ... ቅዳሜ? ና እንጂ፣ ምን ትጠይቀኛለህ፤ ዕቃህ ዓይኑን አፍጥጦ እየጠበቀህ አይደል!"

ስልኩን ዘግተው ወደ ጥጉ ዞሩ፤ አንሶላውን በዓይናቸው ዳሰሱት። "ሸዋጌጥ ከአያና የቀረኝን አምጣልኝ ብላዋለች። ከዚያ ሁሉ ቤት የቀረው እሱ ነው። አዴ ዘርፈሽን እጠራለሁ፣ ኦቦ ኩማን እጠራለሁ። በደንቡ ነው የማስረክበው።"

ሜቲ የጠቀለለችው ጉርሻ እጇ ላይ ቀረ። ሬዲዮውን አምፖል የሚቀመጥበት ሣጥን ብቻ አድርጋ ስታስበው ኖራለች። አሁን አባቷ ምን እንደሆነ ነገሯት፤ ከተቃጠለ ቤት የቀረ ነገር። ይህንን እሷም ታውቅ ነበር። ጀርባውን ስትከፍት ግን አላሰበችውም፤ ወይም ላለማሰብ ቸኩላለች።

ዓርብ ኦቦ ዋጋሪ ለእንግዳቸው ሙክት ሊገዙ ጉቴ ገበያ ሄዱ። ሜቲ ከኮሌጁ አስፈቅዳ መጥታ በሩን ቆለፈች። ሐሳቧ ቀላል ነው፤ የእሳቸውን ለእሳቸው፣ የእሷን ለእሷ መመለስ። ገመዱን ገፋች፣ ክዳኑን ሳበች፣ አሮጌዎቹን መለሰች፣ ሶኬቱን ሰካች።

ሬዲዮው ሞቀ። ፊቱ ላይ ያለው አረንጓዴ መብራት በራ። ድምፅ መጣ፤ ግን ዜና የሚያነበው ሰው ትራስ ውስጥ ተደፍቶ የሚያወራ ይመስላል። በግራ በኩል ያለው ስፒከር ጥቂት አጉረመረመና ዝም አለ።

ነቅላ አዳዲሶቹን ሰካች። ሬዲዮው ጮኸ፤ ጥርት ያለ፣ ደረቅ፣ ጤነኛ ድምፅ።

ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ሦስት አሮጌ አምፖሎች ቀሚሷ ላይ፣ ሦስት አዳዲሶች ሬዲዮው ውስጥ። አዳዲሶቹን ብትተዋቸው ጋሽ ሠርፀ ከፍተው ደስ ይላቸዋል፤ የሚወስዱት ግን የሌላ ሰው ድምፅ ነው። አሮጌዎቹን ብትመልስ የራሳቸውን ይወስዳሉ፤ ያለቀውን፣ እሷ የጨረሰችውን። በየትኛውም መንገድ አባቷ ነገ አልተነካም ይላሉ፤ በየትኛውም መንገድ ተነክቷል።

የግቢው በር ሲንኳኳና የሙክቱ ድምፅ ሲሰማ አሮጌዎቹን መልሳ ሰክታ ነበር። ቢያንስ የሰውየው የሆነው ለሰውየው ይመለስ አለች። ከዚያ በታች ሌላም ሐሳብ ነበራት፤ ማን ይከፍተዋል? በእህል መኪና የመጣ ሬዲዮ፣ ስንት ክረምት በአንሶላ ተሸፍኖ የኖረ፤ ባይሠራ ማን ይደነቃል? ይህችኛዋ ሐሳብ የመጣችው ሁለተኛ ይሁን አንደኛ እርግጠኛ አይደለችም።

ቅዳሜ ጋሽ ሠርፀ ከምሳ በፊት ደረሱ። ከስተዋል፤ ኮታቸው ሰፍቷቸዋል። ኦቦ ዋጋሪ በር ላይ አቅፈው ትከሻቸውን እየደጋገሙ ሳሟቸው።

"አካም ጅርታ፣ ሠርፀ ኮ? ደብረ ብርሃን አላበላችህም እንዴ?"

"ታበላለች። ብርዱ ነው መልሶ የሚበላው፤" አሉ ጋሽ ሠርፀ። ወደ ሜቲ ዞሩ። "ሜቲ፣ አንቺ ነሽ? ይኼ ሁሉ ትምህርት ቁመት አልጨመረልሽም?"

"ለእርስዎ ስል ነው ጋሼ፤ ቀና ብለው እንዳያዩኝ፤" አለች። የራሷ ድምፅ ከሩቅ መጣባት።

አዴ ዘርፈሽ ጎረቤት ናቸው፤ ያልተጠሩበት ቦታ እንኳ የማይቀሩ፣ ዛሬ ደግሞ ተጠርተው ነጭ ነጠላቸውን የለበሱ። ኦቦ ኩማ ከዋጋሪ ጋር በአንድ ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ናቸው፤ የሚናገሩት ጥቂት ነው። ምሳ ተበላ። ከዚያ ኦቦ ዋጋሪ ተነሥተው አንሶላውን አነሡት።

መብራት የለም፤ ከጠዋት ጀምሮ ጠፍቷል። ሜቲ ኤሌክትሪክ አስተማሪ ሆና መብራት እንዳይመጣ የተመኘችው ያን ቀን ብቻ ነው።

ጋሽ ሠርፀ በርከክ ብለው ቋጠሮውን በጣታቸው ዳሰሱት። "የእኔ ነው።"

"የእሱ ነው፤" አሉ አዴ ዘርፈሽ፣ ሳይጎነበሱ።

"እንግዲህ ቃሌን ልስጥ፤" አሉ ኦቦ ዋጋሪ።

"ቃል ብቻ?" ጋሽ ሠርፀ ፈገግ አሉ። "እናንተ ጴንጤዎች መሐላ አትወዱም፤ አውቃለሁ። አያና ግን በቃል ብቻ ጆንያ አይፈታም ነበር።"

ኦቦ ኩማ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። መሐላ በቤተ ክርስቲያናቸው አይፈቀድም፤ ኦቦ ዋጋሪም በመሬት ክርክር ፍርድ ቤት ቆመው እንኳ አልማልም ብለው ያስቸገሩ ሰው ናቸው። አሁን ግን ባልንጀራቸውን አዩ፤ የሰፋውን ኮት አዩ።

"ለአንተ ስል እምላለሁ። ኩማ ይቅር ይበለኝ።"

"አባ፤" አለች ሜቲ።

ሁሉም ዞሩ። አፏ ተከፍቷል። ማለት የነበረባት ጥቂት ቃል ነው፤ በኦሮምኛም በአማርኛም አጭር ነው። አዴ ዘርፈሽ ቅንድባቸውን አንሥተው ይጠብቃሉ።

"መብራት እስኪመጣ ብንጠብቅ አይሻልም?"

"ለመሐላ መብራት ምን ያደርጋል?" አሉ አዴ ዘርፈሽ፤ ሰዎቹ ሳቁ።

ኦቦ ዋጋሪ እጃቸውን ቋጠሮው ላይ አኖሩ። "ይህን አደራ የእኔ እጅ አልነካውም። የቤቴም ሰው እጅ አልነካውም። ነክቶት እንደሆነ ዓይኔ ልጄን ዳግመኛ አይይ።"

ጋሽ ሠርፀ ቋጠሮውን ፈቱ፤ ጅራቱን ከተደበቀበት አውጥተው አንዴ ሳብ ሲያደርጉት ገመዱ ወደቀ። ሜቲ ግድግዳውን ተደግፋ ቆማ ነበር። መብራት የመጣው ያን ጊዜ ነው። የማቀዝቀዣው ሞተር ተነሣ፣ አዴ ዘርፈሽ "ተመስገን" አሉ፣ ኦቦ ዋጋሪም ሶኬቱን አንሥተው በደስታ ሰኩ።

አረንጓዴው መብራት ሲበራ ጋሽ ሠርፀ እንደ ልጅ ሳቁ። ከዚያ ድምፁ መጣ። ትራስ ውስጥ የተደፋው ሰው ጥቂት ቃላት አለ፤ ግራው አጉረመረመ፤ ዝም አለ። ጋሽ ሠርፀ ጆሯቸውን አስጠጉ። ማዞሪያውን ቀስ ብለው ወዲህም ወዲያም አዞሩት። ሰው ሁሉ እጃቸውን ያያል።

"አርጅቷል፤" አሉ በመጨረሻ። "እኔስ አርጅቼ የለ?"

"ስትሰጠኝ እንዲህ ነበር?" አሉ ኦቦ ዋጋሪ።

"እሱ ምን ያደርጋል፣ ዋጋሪ።"

"ስትሰጠኝ ቤቴ ውስጥ ከፍተኸው ነበር። እስከ ግቢው በር ይሰማ ነበር። እንዲህ ነበር ወይ?"

ጋሽ ሠርፀ ሬዲዮውን አጠፉት። ኦቦ ዋጋሪ ወደ ጥጉ ሄደው ግድግዳውን በመዳፋቸው ዳሰሱት። "እርጥበት ነው። ይኼ ጥግ በክረምት ይልበዋል። እኔ ከላይ ሸፈንኩት እንጂ ከኋላው ምን እንዳለ አላየሁም። ከተቃጠለ ቤት የተረፈ ነገር ሰው አምኖ ሰጠኝ፣ እኔ ውሃ አስጠጣሁት።"

"የነቀምቴ ክረምት እንኳን ሬዲዮ ጣሪያውንም ይበላል፤" አሉ አዴ ዘርፈሽ፤ ለማጽናናት ነው።

"አደራ ቤቴ ገብቶ ተጎዳ። እንዲሁ አይወጣም።" ኦቦ ዋጋሪ ዞሩ። "ሜቲ፣ ያንቺን ማሽን አምጪው።"

"ዋጋሪ፣ የልጅ ዕቃ እኮ ነው፤ ጠይቀሃታል?" አሉ አዴ ዘርፈሽ።

"ልጄ ናት። ታውቃለች።"

ሜቲ ገብታ ሽቦዎቹን ነቀለች። አምፕሊፋየሩ ከባድ ነው፤ ደረቷ ላይ አስደግፋ አመጣችው። ትናንት የመለሰቻቸው አዳዲሶቹ አምፖሎች ላዩ ላይ ያብረቀርቃሉ። ጋሽ ሠርፀ "አይሆንም፣ አይሆንም" አሉ፤ ኦቦ ኩማ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ተናገሩ። "ተቀበል፣ ሠርፀ። ካልተቀበልከው ዋጋሪ እንቅልፍ የለውም።" ተቀበሉ።

ከዚያ የመጣው ከሁሉም የከፋ ነበር፤ አመሰገኗት። ኦቦ ኩማ የዛሬ ልጅ እንዲህ አያደርግም አሉ። አዴ ዘርፈሽ "በገዛ እጇ የሠራችው እኮ ነው፤ የእኔ ልጅ ቢሆን መስኮት ይሰብር ነበር" እያሉ ጉንጯን ሳሟት። ጋሽ ሠርፀ ተነሥተው እጃቸውን ራሷ ላይ ጭነው በእሷው ቋንቋ መረቋት፤ "ዋቀዮ ሲ ሃ ኤቢሱ።" አባቷ ከጥጉ ሆነው በኩራት ያዩዋታል። ከሚመርቃት ሰው እጅ ሥር ሮጦ መውጣት ነውር ባይሆን ኖሮ ትሮጥ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ኦቦ ዋጋሪ "እኔ አልችልም፤ መለያየት አልወድም" ብለው በር ላይ ተሰናበቱ። ሜቲ ጋሽ ሠርፀን በባጃጅ ወደ መናኸሪያ ሸኘቻቸው። ሬዲዮው በሁለቱ መካከል፣ አምፕሊፋየሩ እግሯ ሥር ነው። አውቶቡሱ ሰው እስኪሞላ ጎማው አጠገብ ቆሙ። የነገረቻቸው እዚያ ነው፤ በፍጥነት፣ ዓይናቸውን ሳታይ፣ ፈተና ላይ ሰዓት እንዳለቀበት ተማሪ። የወሰደችውን፣ ያጋለችውን፣ ዓርብ የመለሰችውን።

ጋሽ ሠርፀ የሬዲዮውን ጀርባ አዩ። መጀመሪያ የጠየቁት ግን የነጋዴ ጥያቄ ነበር።

"ገመዱን እንዴት አድርገሽ?"

"አልፈታሁትም። ወደ ላይ ገፋሁት፤ በጀርባ ገባሁ።"

"በጀርባ።" ራሳቸውን ነቀነቁ። "እኛ የምናስረው ጆንያ ነው። ጆንያ ጀርባ የለውም።"

"እግሬ ሥር ያለው ማሽን ላይ ያሉት አምፖሎች ሬዲዮው ላይ ይሰካሉ። ደብረ ብርሃን አንድ ጠጋኝ ቢያሳዩት በደቂቃ ይሠራል። የድሮው ድምፅ ግን አይሆንም። እሱ አልቋል።"

"ሸዋጌጥ ልታየው ነው የፈለገችው።" ሬዲዮውን በመዳፋቸው ጠረጉ። "እኔ ነኝ ልሰማው የፈለግኩት።"

ሜቲ አምፕሊፋየሩን ወደ አውቶቡሱ በር አስጠጋችው። 

"አባትሽ ያውቃል?"

"አሁን ተመልሼ እነግረዋለሁ።"

"አትነግሪውም።"

ቀና ብላ አየቻቸው። ፊታቸው ላይ ቁጣ የለም፤ ቁጣ ቢሆን ይቀላት ነበር።

"ማለልኝ እኮ፤" አሉ። "ዕድሜውን ሙሉ ምሎ አያውቅም፣ ለእኔ ሲል ማለ፤ ያውም እኔ ቀልጄ። በዓይኑ ማለ፣ በአንቺ ማለ። ብትነግሪው እኮ የሚፈርደው በአንቺ ላይ አይደለም፤ በራሱ ላይ ነው። አያና ያልጠፋብኝ ነገር የለም፣ ሜቲ። የዋጋሪ ቃል ነው እንደ ነበረ ያለልኝ። እሱን ደግሞ አትክፈቺብኝ።"

"ታዲያ እኔ ምን ላድርግ?"

"ያዢው። ከዛሬ ጀምሮ ይኼ አንቺ ዘንድ የእኔ አደራ ነው።"

"ጋሼ፣ መንገር ይቀለኛል።"

"አውቃለሁ፤" አሉ። "ለአንቺ ነው የሚቀልሽ።"

ሹፌሩ ጥሩምባ ነፋ። ጋሽ ሠርፀ ገመዱን ከኪሳቸው አውጥተው ሬዲዮውን አሰሩት፤ በዚህ ጊዜ በወገቡም በቁመቱም፣ ጀርባው ላይ አመሳቅለው። ጅራቱን ወደ ውስጥ ደበቁት። ሁለቱ ተጋግዘው ዕቃውን ወንበር ላይ አስቀመጡ። በመስኮት እጃቸውን አነሡላት፤ እሷም አነሣች።

ቤት ስትደርስ የሳሎኑ ዕቃ ግቢ ወጥቷል። ኦቦ ዋጋሪ በጥጉ ተንበርክከው ቀለሙን በቢላዋ ይፍቃሉ፤ ልስኑ ወለሉ ላይ ተበትኗል፤ ሸሚዛቸው በአቧራ ነጥቷል።

"ደህና ሄደ?"

"ደህና ሄዱ፣ አባ።"

"ምን አለ?"

"ምንም። ዋጋሪን ሳሚልኝ አሉ።"

"ደግ ሰው ነው። ሌላ ቢሆን በሽማግሌ ይጠይቀኝ ነበር።" ቢላዋውን ግድግዳው ላይ ገፉት። "ውሃው ከየት እንደሚገባ ማግኘት አለብኝ። እስካሁን አላገኘሁትም። ጠልቆ ይሆናል።"

ሜቲ አጠገባቸው ተንበረከከችና መዳፏን ልስኑ በተነሣበት ላይ አሳረፈች። ግድግዳው ደረቅ ነበር፤ እንደ አጥንት ደረቅ። አባቷ ዓይን ዓይኗን ያያሉ፤ የተማረችው እሷ ናት።

"ወደዚህ በኩል ይመስለኛል፤" አለች፣ ሌላ ቢላዋ ለማምጣትም ተነሣች።